ብረቱ ተወለወለ፣ ታሪኩስ?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዋሽንግተን ዳላስ የሚያርፍ መንገደኛ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ አንድ ግዙፍ ሙዚየም አለ። የስሚዝሶኒያን ተቋም የኡድቫር ሄዚ ማዕከል ይባላል። እዚያ ከቆሙት አውሮፕላኖች መካከል፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 43 ሜትር የሚሆን፣ አካሉ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ቦምብ ጣይ ይገኛል። ስሙ ኢኖላ ጌይ ነው። አብራሪው ፖል ቲቤትስ በእናቱ ስም ነው የጠራው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1945፣ ሰው ወደ ሥራው በሚሰማራበት የጠዋት ሰዓት፣ ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ የጣለው ይኸው አውሮፕላን ነው። ከተማዋ ራሷ እንደምትገምተው፣ እስከዚያ ዓመት መጨረሻ ወደ 140,000 ሰው አልቋል።

ከጦርነቱ በኋላ አውሮፕላኑ አስታዋሽ አጥቶ ነበር። ለዓመታት ሜዳ ላይ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት፣ ወፍ ሲሰፍርበት፣ ሰው ዕቃውን ሲነቅልበት ቆየ። በ1960 መፈታታት ጀምሮ መጋዘን ገባ። እድሳቱ በ1984 ተጀምሮ ወደ 300,000 የሥራ ሰዓት ፈጀ። በ2003 አካሉ ተከፋፍሎ በመኪና ወደ አዲሱ ሙዚየም ተጓጓዘ፤ እዚያም ክንፉ ተገጥሞለት እንደገና ሙሉ ሆኖ ቆመ።

የባለሙያዎቹ ድካም ምስጋና ይገባዋል። ችግሩ ለብሎኑ ይህን ያህል የተጨነቀ ተቋም ለታሪኩ ያን ያህል አለመጨነቁ ነው።

ምክንያቱ ፍርሃት ነው። ለ1995 የታሰበው ዐውደ ርዕይ ከአውሮፕላኑ ጎን የሟቾቹን ንብረት ሊያሳይ፣ ቦምቡን መጣል ያስፈልግ እንደነበርም ሊጠይቅ ነበር። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ተቆጡ፤ የአሜሪካ ሴኔትም ዝግጅቱን የሚነቅፍ ውሳኔ አሳለፈ። ዐውደ ርዕዩ ተሰረዘ፤ የሙዚየሙ ዳይሬክተር ማርቲን ሃርዊትም ሥራቸውን ለቀቁ። ከዚያ ወዲህ ዝምታው ደንብ ሆነ።

ስለዚህ በ2003 አዲሱ ሙዚየም ሲከፈት፣ የአውሮፕላኑ መግለጫ ስለ ቴክኖሎጂው ረቂቅነት አወራ፤ በሂሮሺማ ላይ ቦምቡን መጣሉንም ጠቀሰ። ስንት ሰው እንደሞተ ግን አልተናገረም። ምሁራንና ከቦምቡ የተረፉ ጃፓናውያን ቁጥሩ እንዲጨመር ጠየቁ። ሙዚየሙ እምቢ አለ፤ ለሌሎቹ አውሮፕላኖች የሟች ቁጥር አይጻፍም፣ ለዚህኛው ብቻ ለምን ይጻፋል የሚል ነበር መልሱ።

መልሱ ሲሰሙት ሚዛናዊ ይመስላል። ነገር ግን ቢ-29 የተባለው ቦምብ ጣይ ወደ 4,000 ያህል ተሠርቷል። ከዚያ ሁሉ ይህኛው ተመርጦ ያን ያህል ጊዜ የፈሰሰበት በሞተሩ አይደለም፤ በዚያች አንዲት ጠዋት ምክንያት ነው። ጎብኚውም የሚመጣው እሷን ብሎ ነው። እሷን ጠርቶ ሰውን የጋበዘ፣ የሆነውን ለመናገር ሲጠየቅ «ሁሉም አውሮፕላን እኩል ነው» ማለት አያምርበትም።

የቀድሞ ወታደሮቹም መናቅ የለባቸውም። ጃፓንን በእግረኛ መውረር ቢያስፈልግ ኖሮ ስንት ጓዶቻቸው ባለቁ ነበር ይላሉ። ጃፓን በቻይናና በመላ እስያ የፈጸመችው ግፍም መነገር አለበት። ይህ ሁሉ ግን ታሪኩን ለመጨመር እንጂ ለመቀነስ ምክንያት አይሆንም። ሁለቱም ወገን ተጽፎ ጎብኚው ራሱ ይፍረድ።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዕድ አይደለም። የጣሊያን አውሮፕላኖች በ1935 እና በ1936 የመርዝ ጋዝ አዝንበውበታል፤ ሮም ይህን በይፋ ያመነችው ግን በ1996 ነው። ስድሳ ዓመት ሙሉ አንዱ ወገን ሲክድ፣ ሌላው ጠባሳውን ይዞ ኖረ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው ለዚህ ነው።

ሙዚየም የሚያስፈልገውም የወጋው እንዳይረሳ ነው። ለዚያ ደግሞ ሌላ 300,000 ሰዓት አያስፈልግም። ከአውሮፕላኑ ፊት አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ይበቃል።