የተቆለፈ ስልክና የተሸሸገ ዋጋ

ሻጭና ገዢ ተማምነው የሚኖሩት ዋጋ አስቀድሞ ሲነገር እንደ ሆነ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በደባርቅ ገበያ ገብስ የሚሸምት ሰው መስፈሪያውን በዓይኑ አይቶ፣ በዋጋው ተከራክሮ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። እህሉ ከተሰፈረ በኋላ የመስፈሪያው ኪራይ፣ የማበጠሪያው አበል፣ የመቋጠሪያው ዋጋ እየተባለ ሌላ ገንዘብ ቢጠየቅ እህሉን እዚያው ዘርግፎ በሄደ ነበር። ገብስ ሻጭ የማይደፍረው ይህ አሠራር ግን በስልክ ንግድ በኩል ወደ ገበያው ገብቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዘመድ እጅም ሆነ በአስመጪ ከአሜሪካና ከሌሎች አገሮች ከሚመጡት ስልኮች ከፊሎቹ ለአንድ የውጭ አገር የስልክ ኩባንያ ብቻ እንዲሠሩ የተቆለፉ ናቸው። ኩባንያው ስልኩን በዱቤ ወይም በቅናሽ ሲሰጥ፣ ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ የሌላ ኩባንያ ሲም ካርድ እንዳይቀበል አድርጎ ያስረዋል። እንዲህ ያለው ቀፎ ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ሲደርስ፣ የኢትዮ ቴሌኮምንም ሆነ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረውን የሳፋሪኮምን ካርድ አይቀበልም። ባለቤቱም ወደ ስልክ ጠጋኝ ይወስደዋል፤ ጠጋኙ ደግሞ በኢንተርኔት «ማንኛውንም ስልክ በጥቂት ሰዓት፣ በጥቂት ዋጋ እንከፍታለን» ወደሚሉት የውጭ ድርጅቶች ያመራል።

በማስታወቂያው ላይ በትልቅ ፊደል የሚታየው ዋጋ ብዙ ጊዜ የመክፈቻው ሙሉ ዋጋ አይደለም። ጠጋኙ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ተብሎ ሲደወል የሚወጣውን ባለ 15 አኃዝ የቀፎ መለያ ቁጥር ይልካል። (ይህን ቁጥር ብዙ ሰው ያወቀው ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ዓ.ም. የቀፎ ምዝገባ በጀመረ ጊዜ ነው።) ገንዘቡም በቅድሚያ ይከፈላል። ከዚያ በኋላ የተከፈለው ለምርመራ ብቻ እንደ ነበረ ይነገረዋል። ምርመራው ስልኩ ቀሪ ዕዳ እንዳለበት አሳይቷልና ከፍ ያለ ደረጃ ያለው አገልግሎት ይፈልጋል ይባላል፤ በአንድ ቀን እንዲያልቅ ከተፈለገ የፍጥነት ክፍያ አለ፤ በካርድ ለመክፈል የማስተናገጃ ክፍያ አለ። እያንዳንዱ ጭማሪ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው። ጠጋኙ ግን የመጀመሪያውን ገንዘብ ላለማጣት ሁለተኛውን ይከፍላል፤ ሁለተኛውን ላለማጣት ሦስተኛውን ይጨምራል። ስልኩ ሳይከፈት ቢቀር እንኳ «ገንዘብዎ ተመላሽ ነው» የተባለው ቃል በጥሬ ገንዘብ አይፈጸምም፤ በዚያው ድርጅት ዘንድ ለሚቀጥለው ግዢ የሚቀመጥ ሒሳብ ሆኖ ይገኛል። «በነጻ እንከፍታለን» የሚሉት ደግሞ ሰውየውን ሳያስተውለው ወርሐዊ ክፍያ ወዳለበት አባልነት የሚያስገቡ አሉ።

ይህ ሸክም በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባለ ሱቅ ላይ ሲያርፍ በኒውዮርክ ወይም በለንደን ካለው ይልቅ ይከብዳል። የደባርቅ ጠጋኝ በዶላር የሚከፍልበት ካርድ የለውም፤ በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ባለ ደላላ፣ አለዚያም በውጭ አገር በሚኖር ዘመድ በኩል ያስከፍላል፤ ደላላውም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከመቶ ብር አልፏልና፣ አምስት ዶላር የምትባል «ትንሽ ጭማሪ» ከ500 ብር በላይ ሆናለች። አቤቱታ ላቅርብ ቢልም ቀነ ገደቡ አጭር ነው፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ እንደ ታየው ዓይነት ችግር ካጋጠመው ደግሞ ቀኑ ሳያውቀው ያልፍበታል።

ማስታወቂያዎቹ ከዋጋው ይልቅ የሚያሳስቱት የቁልፎቹን ልዩነት በመደባለቅ ነው። የኩባንያ ቁልፍ አንድ ነገር ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2013 ያመጣው፣ በሰፊው «አይክላውድ» የሚባለው የባለቤትነት ቁልፍ ሌላ ነገር ነው፤ ይህን የሚያነሣው የሒሳቡ ባለቤት ራሱ፣ ወይም የግዢ ማስረጃ ሲቀርብለት አፕል ነው እንጂ የመለያ ቁጥር ብቻ ተቀብሎ ከሩቅ የሚፈታ ነጋዴ አይደለም። ተሰረቀ ወይም ጠፋ ተብሎ በውጭ ኩባንያዎች መዝገብ የታገደ ቀፎ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ሲሆን፣ እንዲህ ያለውን ለማስከፈት መድከም የሌላ ሰው ንብረት ለመቀበል መድከም ነው። «ሁሉንም እንከፍታለን» የሚል ማስታወቂያ ሦስቱን አንድ አድርጎ ያቀርባል፤ ገንዘቡንም ከሦስቱ ላይ ይሰበስባል።

«ሕጋዊ» እና «ከኩባንያው የተፈቀደ» የሚሉት ቃላትስ ምን ያህል ይታመናሉ? በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የታዩ ሁለት ጉዳዮች መልስ ይሰጣሉ። መሐመድ ፋህድ የተባለው ሰው የኤ.ቲ.ኤንድ ቲ. ኩባንያ ሠራተኞችን በጉቦ ይዞ ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጉ ስልኮችን ያለ አግባብ አስከፍቷል፤ ኩባንያውም ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሥሯል፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 የ12 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በሎስ አንጀለስ አካባቢ የቲ ሞባይል መሸጫ ሱቅ የነበረው አርጊሽቲ ኩዳቨርድያን ደግሞ የሠራተኞችን የይለፍ ቃል እየሰረቀ ስልክ በመክፈት 25 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሰብስቦ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በ10 ዓመት እስራት ተቀጥቷል። በማስታወቂያው ላይ አገልግሎቱን ከቲ ሞባይል የተሰጠ ይፋዊ አገልግሎት ይለው ነበር። ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው በስድስተኛ ወይም በሰባተኛ እጅ የሚገዛ የሱቅ ባለቤት የሚከፍለው ገንዘብ የት እንደሚደርስ ሊያውቅ አይችልም።

ይልቁንም የሚያስቆጨው በዚህ ሁሉ ድካም የሚገዛው ነገር በብዙ ቦታ ያለ ዋጋ የሚሰጥ መሆኑ ነው። የአሜሪካ ታላላቅ የስልክ ኩባንያዎች ዕዳው ያለቀና ያልተሰረቀ ስልክ ባለቤቱ ሲጠይቅ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለመክፈት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ቃል ገብተዋል። በካናዳ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ወዲህ ለመክፈቻ ገንዘብ መጠየቅ ተከልክሏል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2021 ጀምሮ የስልክ ኩባንያዎች የተቆለፈ ስልክ መሸጥ አይችሉም። እንግዲህ በዋሽንግተን ወይም በቶሮንቶ ያለ ዘመድ ስልኩን ከመላኩ በፊት ኩባንያውን ቢጠይቅ በደባርቅ ለማስከፈቻ የሚወጣው ገንዘብ ይተርፍ ነበር። ገዢም ቢሆን አይፎን ሲቀበል በቅንብሮቹ ውስጥ «ጄኔራል» ቀጥሎም «አባውት» የሚለውን ገጽ ከፍቶ፣ «ካሪየር ሎክ» በሚለው ትይዩ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» የሚል መጻፉን ማየት ይችላል። ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

በአገራችን የሕግ ጉድለት አለ ለማለት አይቻልም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን እንዲገልጽ ያዛል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ይህንኑ ያጠናክራል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው ማንነቱንና ሙሉ ዋጋውን ለገዢው እንዲያሳውቅ ግዴታ ይጥላል። ይሁን እንጂ አድራሻው በማይታወቅ አገር የተቀመጠውን ሻጭ የኢትዮጵያ ዳኛ ሊይዘው አይችልም። ሊይዘው የሚችለው በደባርቅ ወይም በዳባት ደረሰኝ የሚቆርጠውን ጠጋኝ ነው፤ ደንበኛውም የሚያውቀው እርሱን ብቻ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣው የተሸሸገ ክፍያ በጠጋኙ አፍ «ትንሽ ጨምርልኝ» ተብሎ ሲነገር፣ ክፉ ስሙ የሚቀረው በጠጋኙ ላይ ነው።

አንዳንድ ባለ ሱቆች «ሙሉውን ዋጋ አስቀድመን ብንናገር ደንበኛው ዝቅተኛ ዋጋ ወደሚጠራው ጎረቤት ይሄዳል» ሲሉ ይሰማሉ። ይህ ስጋት ፈጽሞ ከንቱ አይደለም፤ አንዱ ብቻውን ቢጀምረው በእርግጥ ለጊዜው ይጎዳል። ስለዚህ ጉዳዩ ለአንድ ሱቅ የሚተው አይደለም። የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 341/1995 የተቋቋሙት የአባሎቻቸውን የጋራ ጥቅም እንዲጠብቁ ነውና፣ በሰሜን ጎንደር ያሉ የስልክ ነጋዴዎችን ሰብስበው አንድ ዓይነት የሥራ መቀበያ ወረቀት እንዲይዙ ማድረግ ይገባቸዋል። በወረቀቱ ላይ የቀፎው መለያ ቁጥር፣ የቁልፉ ዓይነት፣ ማንኛውም ክፍያ የተጠቃለለበት አንድ ዋጋ፣ እንዲሁም ስልኩ ባይከፈት የሚመለሰው ገንዘብ መጠን ይጻፍ፤ ሁለቱም ይፈርሙበት። ጎረቤትም ይህንኑ ወረቀት ሲይዝ ስጋቱ ይቀልላል።

ከጠጋኙ ይልቅ ግን ሊወቀስ የሚገባው ወገን አለ። የተቆለፈ ስልክ በውጭ ገበያ ካልተቆለፈው በርካሽ ይገኛል። ይህን እያወቀ በጅምላ ገዝቶ፣ ቁልፉን ሳይናገር፣ ባልተቆለፈው ዋጋ ለጎንደርና ለደባርቅ ቸርቻሪ የሚያከፋፍል አስመጪ የዋጋውን ልዩነት ለራሱ ያስቀራል፤ የማስከፈቻውን ወጪ ለቸርቻሪው፣ ንዴቱንም ለገበሬው ልጅ ይተዋል። የተቆለፈ ዕቃ መሸጥ ነውር አይደለም፤ ዋጋው በዚያው ልክ ይቀነስ እንጂ። አስመጪዎች በእያንዳንዱ ካርቶንና በእያንዳንዱ የሽያጭ ደረሰኝ ላይ «የተቆለፈ» ወይም «ያልተቆለፈ» የሚለውን አንድ ቃል እንዲጽፉ፣ ቸርቻሪዎችም ይህ ቃል የሌለበትን ጭነት እንዳይረከቡ በምክር ቤቶቹ ስብሰባ ሊወሰን ይችላል። ዘመድ ከውጭ የሚገባባቸው የገናና የጥምቀት ሰሞኖች ከመድረሳቸው በፊት ቢደረግ ደግሞ፣ የዘንድሮዎቹ ስልኮች ገና በላኪዎቻቸው እጅ ሳሉ ይደርሳል።