ከሺንሺቾ እስከ ጆሃንስበርግ፤ በአየርና በምድር

ከሙምባይ እስከ ሲንጋፖር ያለው የአየር ርቀት 3,900 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ አውሮፕላን አምስት ሰዓት ተኩል ግድም ይፈጅበታል። ከአዲስ አበባ እስከ ጆሃንስበርግ ያለውም ርቀት ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ የበረራውም ጊዜ ያንኑ ያህል ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የመንገደኛ ጄት አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ከ850 እስከ 900 ኪሎ ሜትር ይበራል። ሲነሣ ሽቅብ የሚወጣበትና ለማረፍ ዝቅ የሚልበት ጊዜ ሲታከልበት ጉዞው ከአምስት ሰዓት ያልፋል። ከቤጂንግ ወደ ቶኪዮ የሚሄደው አውሮፕላን ከተመላሹ ፈጥኖ የሚደርሰው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ የከፍታ ነፋስ ስለሚገፋው ነው። የእኛ መስመር ግን ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ስለሆነ በመሄጃውና በመመለሻው መካከል ይህን የመሰለ ልዩነት አይታይም።

ይሁን እንጂ ለብዙ የሺንሺቾ፥ የዱራሜና የሆሳዕና ወጣት የደቡብ አፍሪካ መንገድ በዚህ ሒሳብ አይለካም። እርሱ የሚጓዘው በሞያሌ አድርጎ ኬንያን፥ ታንዛኒያን፥ ማላዊን፥ ከዚያም ሞዛምቢክን ወይም ዛምቢያን እያቋረጠ ነው። መንገዱ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፥ ሳምንታት፥ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኙ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በማላዊ ምዚምባ ከ25 በላይ፥ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሉሳካ አጠገብ 27 አስከሬኖች ሲገኙ፥ የኢትዮጵያውያን ስደተኞች መሆናቸው ታምኖ ነበር።

ታዲያ ወጣቱ ስለ ምን በአውሮፕላን አይሄድም? ገንዘብ አጥቶ ነው እንዳንል፥ ለደላላ የሚከፈለው ብዙውን ጊዜ ከአውሮፕላን ቲኬት ዋጋ እጅግ ይበልጣል። የሚያግደው ቪዛ ነው። እንግዲህ ደላላው የሚሸጠው ትራንስፖርት ሳይሆን፥ በሕጋዊ በር የታጣውን ፈቃድ በጨለማ መንገድ ነው። ቤተሰቡም መሬት ሸጦና ተበድሮ ይከፍላል። የከምባታ ምድር በሕዝብ የተጨናነቀ፥ የእንሰት ማሳውም ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተከፋፈለ ያነሰ ስለሆነ፥ የሚላከው ልጅ የቤቱ ተስፋ ነው። በተላከ ገንዘብ የተሠሩትን ቤቶች ሁሉም ያያቸዋል፤ በመንገድ የቀሩትን ግን የሚቆጥራቸው እናታቸው ብቻ ናት።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 በሰው የሚነግደውንና ድንበር የሚያሻግረውን በብርቱ ይቀጣል። ቅጣት አስፈላጊ መሆኑን እናምናለን፤ ዳሩ ግን አንዱ ደላላ ሲታሰር ሌላው የሚተካው ፈላጊው ስላልቀነሰ ነው። ስለዚህ በወረዳ ጽሕፈት ቤት የተቀመጠው ወጣት ሹም ሦስት ነገር ቢያደርግ መልካም ነው እንላለን፦ ሕጋዊው የውጭ አገር ሥራ የቱ እንደሆነ በግልጽ ያስረዳ፤ ለደላላ ሊከፈል የተሰበሰበው ገንዘብ በአገር ውስጥ ምን ሥራ ሊያስጀምር እንደሚችል ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብሎ ያስላ፤ ከመንገድ የተመለሰውንም እንደ ጥፋተኛ ሳይቆጥር ይስማው። ተማሪውም ለታናሽ ወንድሙ የካርታውን ርቀት ሲያስተምር የምድሩን ርቀት አብሮ ይንገረው።