ለቀብር የታወቀ፣ ለሥራ ያልታወቀ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ነቀምቴ የሚጓዝ ሰው ባኮን ካለፈ በኋላ አኖ ይደርሳል። አኖ በምሥራቅ ወለጋ የጎቡ ሰዮ ወረዳ ከተማ ናት። አውቶቡሱ ገና ሳይቆም ልጆች ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ፤ አንዱ የተጠበሰ በቆሎ፣ አንዱ ማንጎ ወደ ላይ ያነሣል፤ የሚሸጠው የሌለው ደግሞ ሻንጣ ለመሸከም ትከሻውን ያቀርባል። መንገደኛውም ገዝቶ ወይም ሳይገዛ መንገዱን ይቀጥላል፤ እነዚያ ልጆች ሲመሽ ወዴት እንደሚገቡ ግን አይጠይቅም። ከመካከላቸው ከዋናው መንገድ ራቅ ብሎ በከተማው ዳር በጨረቃ ቤት የሚያድር አለ። የጨረቃ ቤት መባሉም ሌሊቱን በጨረቃ ብርሃን ምሰሶው ተተክሎ፣ ቆርቆሮው ተመትቶ፣ ሲነጋ ቤት ሆኖ ስለሚገኝ ነው።

እንዲህ ያለው ቤት የቤት ቁጥር የለውም። ይህ ለሰሚው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የልጁን እጅና እግር የሚያስረው ገመድ ከዚህ ይጀምራል። ቁጥር የሌለው ቤት በቀበሌ ዘንድ ቅጽ የለውም፤ ቅጽ ከሌለ መታወቂያ አይሰጥም፤ መታወቂያ የሌለው ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ ለመበደር፣ የባንክ ደብተር ለማውጣት፣ በሥራ ፈላጊነት ለመመዝገብ ይቸገራል። ስለዚህ ወደ ቀበሌው መስኮት ይቀርባል። «የቤት ቁጥርህ ስንት ነው?» ይባላል። «ኦቦ፣ የእኛ ቤት ቁጥር የለውም» ይላል። «እንግዲያው ከመጣችሁበት ቀበሌ መሸኛ አምጣ» ይባላል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከካማሺ ዞን በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቅሎ ወደ ምሥራቅ ወለጋና ወደ ነቀምቴ በገባ ጊዜ፣ ነፍሱን ይዞ የሸሸ ሰው መሸኛ ለማጻፍ ፋታ ነበረውን? ከዚያም ወዲህ በወለጋ ጦርነት ምክንያት ከገጠር ወደ ከተማ የገባው ቤተ ሰብ የማንን ማኅተም ይዞ ይምጣ? እሳት ሸሽቶ የመጣን ሰው ከእሳቱ ውስጥ ወረቀት አውጥተህ አምጣ ማለት ሕግ ማክበር አይደለም፤ እንቢ ላለማለት የተፈለገ ዘዴ ነው።

መንግሥት ለወጣቱ ምንም አላሰበም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር ያለው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ተቋቁሟል። በዚያው ዓመት የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ተጀመረ፤ ከኦሮሚያ የተመረጠችው አዳማ ስትሆን፣ ከወለጋ አንዲት ከተማ እንኳ አልነበረችበትም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በመጣው በሁለተኛው ምዕራፍ የከተሞቹ ቁጥር ከ80 በላይ ሆኖ፣ በትምህርት ብዙ ያልገፉ ወጣቶች በየድርጅቱ ሥራ እየለመዱ አበል የሚያገኙበት ክፍል ተጨመረበት። ዕቅዱ መልካም ነው። ጉድለቱ በገንዘቡ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ የሚወርድበት ቦይ በቀበሌ መዝገብ በኩል ብቻ በመቆፈሩ ነው። ችግር ከሁሉ ይልቅ የበረታበት ወጣት ከመዝገቡ ውጭ ስለ ሆነ፣ ርዳታው አስቀድሞ የሚደርሰው ከእርሱ ለሚሻለው ነው። የርዳታ ድርጅቶችም ቢሆኑ ወጣቶችን እንምረጥ ሲሉ ወደዚያው ቀበሌ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ቀበሌውም ከያዘው መዝገብ ስም ቆጥሮ ይልካል። ከዚያ በኋላ የሦስት ቀን ሥልጠና ይሰጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ የሠለጠኑት ቁጥር በሪፖርት ይጻፋል። በጨረቃ ቤት ያለው ልጅ በሪፖርቱ ውስጥ ባለመኖሩ ማንም አይደነግጥም፤ አስቀድሞስ መቼ ነበረና።

ቀበሌ የማያውቀውን ይህን ልጅ የሚያውቅ መዝገብ ግን በዚያው ከተማ አለ፤ እርሱም የእድር መዝገብ ነው። ቀበሌ የተወለደው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገው ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 ጋር ነው፤ ከመጀመሪያውም ሰውን የሚቆጥረው በቤት ነው። እድር በዕድሜ ይቀድመዋል፤ ሰውንም የሚቆጥረው በጉርብትና ነው። የእድር ጸሐፊ አንድ አባል ሲመዘግብ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ አብሮት የሚኖረውን ዘመድ በስም ይጽፋል፤ ሞት ሲደርስ የሚከፈለው እንደ ዝምድናው ስለሚለያይ አጣርቶ መጻፍ ግድ ይሆንበታል። ቤቱ ካርታ ይኑረው አይኑረው አይመረምርም፤ አባሉ የወር መዋጮውን ይከፍል እንደ ሆነ፣ ጎረቤት ሲሞትም ድንኳን ሊተክል ይወጣ እንደ ሆነ ብቻ ያያል። እንግዲህ በእድር ያለ የጨረቃ ቤት ልጅ ዛሬ ቢሞት በክብር የሚቀብረው ማኅበር ስሙን ጽፎ ይዟል፤ በሕይወት ሳለ ሥራ ሊያስይዘው የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ግን አላውቅህም ይለዋል።

ስለዚህ የእድሩ ዳኛና ጸሐፊ ፈርመው ማኅተም ያደረጉበት ምስክርነት፣ ወጣቶችን ለመርዳት በተቋቋመ ፕሮግራም ሁሉ ዘንድ በቤት ቁጥር ፈንታ ሊቆጠር ይገባል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሰነድ የሌለው ሰው በሌላ ሰው ምስክርነት እንዲመዘገብ መንገድ ከፍቷል። የአገሪቱ መታወቂያ በምስክር የሚገኝ ከሆነ፣ ለልብስ ስፌት ወይም ለብረት ብየዳ ሥልጠና የሰፈሩ ጎረቤት ሁሉ ቢመሰክር አይበቃም የሚባለው በየትኛው ፍርድ ነው?

አንዳንዶች «ይህ ሕገ ወጥነትን መሸለም ነው፤ ዛሬ ልጁ ቢረዳ ነገ አባቱ ሁለተኛ ቤት ይሠራል» ይላሉ። ልጁ ምሰሶ አልተከለም። ደግሞም የከተማ ቦታ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ራሱ፣ ያለ ፈቃድ የተያዘ ይዞታ ከከተማው ፕላን ጋር ተስማምቶ ሲገኝ ሥርዓት ይዞ በሊዝ እንዲተዳደር ፈቅዷል። ሕግ ለአባትዬው ቆርቆሮ የተወውን በር ለልጁ የሚዘጋ ሰው ከሕግ ይልቅ ሕግ አክባሪ ልሁን ማለቱ ነው። ልጁ ሙያ ቢይዝ ኪራይ ሊከፍል ይችላል፤ ሙያ ባይዝ ግን ጎጆ ለመውጣት ሲደርስ እርሱም በተራው ጨረቃ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ክርክር ከዚህ ይከብዳል። «እድርም አድልዎ አለበት፤ ዳኛው የእኅቱን ልጅ ያስቀድማል፤ መዋጮ መክፈል ያቃተው ድኻ፣ ትናንት የገባ ተፈናቃይ፣ አልጋ በቀን እየተከራየ የሚያድር ሊስትሮ ከእድርም ውጭ ነው» ይላሉ። እውነት ነው። ለአድልዎው መድኃኒት አለው፤ የተመረጡት ወጣቶች ስም በወሩ ስብሰባ በአባላቱ ሁሉ ፊት ይነበብ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃልና ሐሰቱ ብዙ አይሰነብትም። የሴፍቲኔቱ ተረጂዎች በአካባቢ ኮሚቴ መመረጣቸውም የጎረቤት ቃል ሊመዘን እንደሚችል ያስረዳል። ከእድር ውጭ ስለ ቀሩት ግን ሊጠየቁ የሚገባቸው እድሮቹ ራሳቸው ናቸው።

በወለጋ ምድር ይህን መጠየቅ እንግዳ ነገር አይደለም። ኦሮሞ የሌላውን ልጅ እንደ አብራኩ ክፋይ አድርጎ በጉዲፈቻ ይወስዳል፤ ልጁም በቤቱ ስም ይጠራል፣ ከርስቱም ይካፈላል። ቃሉን የአገሪቱ ሕግ ከኦሮምኛ ተቀብሎ በ1992 ዓ.ም. በወጣው በተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ይሠራበታል። በነቀምቴ ትምህርት ቤት የከፈተው ኦነሲሞስ ነሲብም በልጅነቱ ተሰርቆ የተሸጠና፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1870 በምጽዋ ነጻ የወጣ ልጅ ነበር። ያን ጊዜ የተቀበሉት ሰዎች የአባትህን ቤት አሳየን ቢሉት የሚያሳያቸው ቤት አልነበረውም። በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጐመው ይኸው ልጅ ነው፤ በሥራው የረዳችው አስቴር ጋኖም እንደ እርሱ ከባርነት የተለቀቀች ነበረች። ነቀምቴ በእነርሱ ስም ትኮራለች፤ እንደ እነርሱ ቤት አጥቶ በበሯ የሚቆመውን ልጅ ግን መሸኛ ትጠይቀዋለች።

እድሮቹ ሲጠየቁ ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት መልስ «እድር ለቀብር ነው፤ ሌላው አይመለከተንም» የሚል ነው። ገንዘባቸው ለሬሳ ተቀምጦ፣ ድንኳናቸው፣ አግዳሚ ወንበራቸው፣ ትልልቅ ድስታቸው ሰው እስኪሞት ድረስ በዕቃ ቤት ይከርማል። በአዲስ አበባ ያሉ እድሮችም እንዲሁ ይሉ ነበር፤ ነገር ግን በ1990ዎቹ የኤች አይ ቪ በሽታ በአባሎቻቸው ላይ በበረታ ጊዜ፣ ደንባቸውን አሻሽለው በሕይወት ያሉትን ሕሙማንና አሳዳጊ ያጡትን ልጆች መርዳት የጀመሩ ብዙዎች ናቸው። ያን ያደረጉት ለቀስተኛ ሆነው መኖር ስለ ሰለቻቸው ነው። የወለጋ እድሮች እንዲህ ያለ መቅሠፍት እስኪመጣ መጠበቅ አለባቸውን? መዋጮ ያቃተውን ቤተ ሰብ ለአንድ ዓመት ሳይከፍል በመዝገብ ቢያስገቡት ከሣጥናቸው የሚጎድለው ጥቂት ነው። አግዳሚዎቹም ለቅሶ በሌለበት ሳምንት ለንባብና ለሙያ ትምህርት ቢወጡ እግራቸው አይሰበርም።

ቀበሌውም በበኩሉ በመስኮቱ የሚጠይቀውን ይለውጥ። «የቤት ቁጥርህ ስንት ነው?» በማለት ፈንታ «እድራችሁ የት ነው?» ይበል። ለዚህኛው ጥያቄ የአኖ ልጅ መልስ አለው።