የቤተሰብ የወይን ጠጅ መጥመቂያና የዕድገቱ ልክ

ወይን በኢትዮጵያ ምድር እንግዳ አይደለም። ስሙ በግእዝ መጻሕፍት ከጥንት ጀምሮ ይገኛል፤ ቤተ ክርስቲያንም ለቅዱስ ቁርባን የሚሆነውን ከዘቢብ እያዘጋጀች እስከ ዛሬ ኖራለች። ይሁን እንጂ ወይን ተክሎ፣ ጠምቆና በጠርሙስ አሽጎ ለገበያ ማቅረብ በአብዛኛው የታላላቅ ድርጅቶች ሥራ ሆኖ ቆይቷል። በስምጥ ሸለቆ ዳር ጥቂት መሬትና የማይነጥፍ ውሃ ያለው ቤተሰብም ይህን ሥራ በትንሹ ለመጀመር ቢመኝ ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው ቅደም ተከተሉን መሳት ነው። መጥመቂያው ከወይኑ ተክል ቀድሞ፣ የወይኑም ተክል ከገበያው ቀድሞ ከሮጠ፣ ቤተሰቡ ያለውን ጥሪት አጥቶ ይቀራል።

ለዚህ በምሥራቅ አፍሪካ ሁለት ግልጽ ምሳሌዎች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ ያለው ነው። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ገደማ ከቦርዶ ያስመጣውን የወይን ቁራጭ ከመቶ ሄክታር በላይ በሆነ መሬት ላይ አስተከለ፤ ጉማሬና ጅብ ተክሉን እንዳያጠፉበትም ዙሪያውን ቦይ አስቆፈረ። የመጀመሪያው ጠርሙስ ለገበያ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ነበር። እንዲህ ያለ ሀብትና ልምድ ያለው ድርጅት እንኳ ይህን ያህል ዓመት ከታገሠ፣ በዓመት በዓመቱ ለልጆቹ ቀለብና ለትምህርት ቤት የሚከፍለው ያለበት ቤተሰብ ምን ያህል አስቀድሞ ማሰብ እንደሚገባው ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የታንዛኒያው ዶዶማ ነው። በዚያ አገር በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሚስዮናውያን ያስገቡት ወይን ለትናንሽ ገበሬዎች መተዳደሪያ ሆኗል። ዘለላው በዓመት ሁለት ጊዜ ይለቀማል። ነገር ግን የሚጠምቀውና የሚያከማቸው ዕቃ ከተክሉ ጋር እኩል ባለማደጉ፣ ገዢ ያጣ ወይን በማሳ ላይ እየበሰበሰ የቀረባቸው ወቅቶች ነበሩ። ወይን እንደ ጤፍ በጎተራ ተቀምጦ የዋጋ መወደድን አይጠብቅም፤ ከተለቀመ በኋላ በጥቂት ቀን ካልተጠመቀ ጠፊ ነው።

ስለዚህ ቤተሰቡ ከሁሉ አስቀድሞ ብዕርና ወረቀት ይዞ መቁጠር ይገባዋል። ለምሳሌ ግማሽ ሄክታር ቢተክልና ተክሉ ሲጎለምስ 3,000 ኪሎ ዘለላ ቢሰጠው፣ ከአንድ ኪሎ ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሊትር የሚሆን ወይን ጠጅ ስለሚገኝ፣ ወደ 2,000 ሊትር ይሆንለታል። ይህም በተለመደው የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 2,600 ጠርሙስ ያህል ነው። ቀይ ወይን ጠጅ እስኪበስል አንድ ዓመት ይቀመጥ ቢባል፣ ያለፈው ዓመት ከዕቃው ሳይወጣ የዘንድሮው ይደርሳል። እንግዲህ ለ2,000 ሊትር ምርት የ4,000 ሊትር ዕቃ ያስፈልጋል ማለት ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ለመልቀም የሚሻ ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ እጥፍ አድርጎ ማሰብ አለበት። ብዙዎች መሬቱን ይለካሉ፤ ዕቃውን የሚለካ ግን ጥቂት ነው።

የወይን ሐረግ ራሱ ትዕግሥትን ያስተምራል። ከተተከለ በኋላ የሚረባ ፍሬ የሚሰጠው በሦስተኛው ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ሙሉ ኀይሉን የሚያገኘው ከዚያም ዘግይቶ ነው። በእነዚህ ባዶ ዓመታት ቤተሰቡ የሚኖርበት ሌላ ሰብል ሊኖረው ይገባል። ብርድ ባለበት አገር ሐረጉ ክረምትን ተኝቶ ያርፋል፤ በሞቃት አገር ግን የሚያሳርፈውም የሚቀሰቅሰውም የገበሬው መግረዣ ነው። ባለወይኑ የግርዛቱን ጊዜ የሚመርጠው ዘለላው በዝናብ ወራት እንዳይበስል አስቦ ነው። በዝናብ የሚበስል ፍሬ ይሻግታል፤ ውሃ ስለሚበዛበትም ስኳሩ ይቀንሳል።

ስለ ጠመቃው ሲነገር፣ በብዙ ቤት የጠጅ ሙያ አለ። ማርን በውሃ በጥብጦ፣ ጌሾ ጨምሮ፣ የሙቀቱን ነገር በእጅና በአፍንጫ ለይቶ ማፍላት ቀላል ዕውቀት አይደለም፤ ይህን ሙያ የያዘች እናት ያለችበት ቤት ከዜሮ የሚጀምር አይባልም። ነገር ግን የጠጅ ልማድ ወይን ጠጅ ሠሪውን የሚያስትበት ቦታ አለ። ጠጅ ፈልቶ እንደደረሰ በሳምንታት ውስጥ ይጠጣል፤ ወይን ጠጅ ግን ለወራትና ለዓመታት ይቀመጣል። ለወራት የሚቀመጥ ነገር ጠላቱ አየር ነው። በግማሽ የጎደለ በርሜል ውስጥ የተተወ ወይን ጠጅ ውሎ አድሮ ኮምጣጤ ይሆናል። ስለዚህ ዕቃው እስከ አፉ ይሞላል፤ አተላው በጊዜው ይለያል፤ ሁሉም ዕቃ በፈላ ውሃ ይታጠባል፤ ማቆያ የሚሆነውም ሰልፋይት በግምት ሳይሆን በሚዛን ይጨመራል። ሃይድሮሜትር የሚባለው የመስታወት መለኪያ ዋጋው ትንሽ ሲሆን ጥቅሙ ታላቅ ነው። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ያለው 17 ግራም ያህል ስኳር አንድ እጅ አልኮል ስለሚሰጥ፣ 12 እጅ የሚፈልግ ሰው ፍሬውን መቼ እንደሚለቅም በዚህ መለኪያ ያውቃል። የለካውንም በየቀኑ በደብተር ይጽፋል፤ ያልተጻፈ ልምድ ለልጅ አይወረስም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የቤተሰብ መጥመቂያን የሚጥለው የገንዘብ አያያዝ ነው። የቤቱ ቦርሳና የመጥመቂያው ቦርሳ አንድ ሲሆኑ፣ ለጠርሙስና ለቡሽ የተቀመጠው ገንዘብ ለሠርግና ለተዝካር ይወጣል። ለእንግዳ የተቀዳው ሁሉ ካልተመዘገበ፣ ትርፉ በወዳጅነት ጽዋ ተጠጥቶ ያልቃል። አባት፣ እናትና ልጆች የሚሠሩበት ቀን እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ቀን ታስቦ በሒሳብ ይግባ፤ አለዚያ መጥመቂያው ያተረፈ እየመሰለ የቤተሰቡን ጉልበት በነጻ ይበላል።

አንዳንድ ሰዎች ግን፣ «ትንሽ ሆኖ ከመቆየት ይልቅ ተበድሮ ታላቅ ማሽን ገዝቶ በአንድ ጊዜ ማደግ ይሻላል፤ ትንሹ ከታላላቆቹ ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልም» ይላሉ። የነገሩ ግማሽ እውነት ነው፤ ትንሹ በዋጋ አይወዳደርም። ነገር ግን መፍትሔው ታላቁን መምሰል አይደለም። ብድር በየወሩ ይከፈላል፤ ወይን ጠጅ ግን በየወሩ አይደርስም። ወለዱ ሲያስጨንቀው ያልበሰለውን የሚሸጥ ሰው ስሙን ይሸጣል፤ በዚህ ሥራ ደግሞ ከስም የሚበልጥ ንብረት የለም። የሚሻለው መንገድ ይህ ነው፤ በመጀመሪያ የራስን ፍሬ አሳምሮ መጥመቅ፤ የተጠመቀው ሁሉ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ከተሸጠ ዕቃ መጨመር፤ ዕቃው ባዶ ሆኖ ከተገኘ ከጎረቤት ገበሬ ፍሬ በውል መግዛት፤ በመጨረሻም መሬት ማስፋት። ዕድገት እንዲህ ከኋላ ወደ ፊት ሲሄድ ጎረቤቱንም ይጠቅማል፤ ቤተሰቡንም ለአበዳሪ ባሪያ አያደርግም።

ስለ ገበያው ሲታሰብ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኢትዮጵያ የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል መጠጥ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላም እንዳይሸጥ አዟል። ይህ ለትንሹ መጥመቂያ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ቀድሞም የራዲዮ ማስታወቂያ ለመክፈል አቅም አልነበረውምና። የእርሱ ማስታወቂያ በመንገድ አልፎ የሚሄደው መንገደኛ፣ ወይኑን በማሳው አይቶ ቀምሶ የሚገዛው እንግዳ፣ በከተማ ያለው የሆቴል ባለቤት ነው። ለእነዚህ ሰዎች የሚሸጠው ጠርሙስ ዓመቱና ማሳው በትክክል የተጻፈበት ሊሆን ይገባል።

የመንግሥት ባለሥልጣኖችም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ከውጭ የሚገባ የወይን ቁራጭ ሳይመረመር ከተተከለ አደጋው ታላቅ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ ከአሜሪካ ወደ ፈረንሳይ ገብቶ የአገሩን ወይን ጠራርጎ እንዳጠፋ መዘንጋት አይገባም። የእርሻ ጽሕፈት ቤቶች ንጹሕ ቁራጭ የሚገኝበት የችግኝ ጣቢያና ጥቂት ቤተሰቦች በጋራ የሚጠቀሙበት የመመርመሪያ ክፍል ቢያዘጋጁ፣ ከብዙ ስብሰባና ንግግር ይበልጣል። ለአንድ ታላቅ ፋብሪካ የተጻፈ የፈቃድ መመሪያም በ2,000 ሊትር ጠማቂ ላይ ቃል በቃል ሲጫን፣ ሥራውን ከማስተካከል ይልቅ ወደ ጓዳ እንዲደበቅ ያደርጋል። ንጽሕናው አንድ ይሁን፤ የወረቀቱ ብዛትና ክፍያው ግን እንደ አቅሙ ይመጠን።

በጣልያን አገር የአንቲኖሪ ቤተሰብ አባት እ.ኤ.አ. በ1385 በፊሬንዜ የወይን ጠጅ ሠሪዎች ማኅበር ገብቶ እንደ ነበር ተመዝግቧል፤ ዘሮቹ እስከ ዛሬ በዚሁ ሥራ ላይ ናቸው። እንዲህ ያለ ዕድሜ የሚገኘው እያንዳንዱ ትውልድ ከተረከበው ጥቂት ጨምሮ ለሚቀጥለው ሲያስረክብ ነው። በስምጥ ሸለቆ ወይን የሚተክለው አባትም ይህን አስቦ፣ ከልጆቹ ማን ማሳውን፣ ማን ጠመቃውን፣ ማን ሒሳቡን እንደሚይዝ በሕይወት ሳለ ይወስን፤ ድርሻቸውንም በጽሑፍ ያኑር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአበው ቃል በወይን ሥራ ላይ ሲደርስ ተረት መሆኑ ቀርቶ የሒሳብ ደንብ ይሆናል።