«ካልቻልክ ሀገርህ ግባ» ለሚሉን

ባለፈው እትም «አዲስ አበባን የሚችላት ይኑርባት» የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። ጸሐፊው የክፍላችን ልጅ፣ የእኔም ወዳጅ ስለሆነ ስሙን አላነሳም። ነገሩን ግን ዝም ብዬ ላሳልፈው አልቻልኩም። ባጭሩ የሚለው ይህ ነው፦ የቤት ኪራይ ሰማይ የነካው ክፍለ ሀገሬው ሁሉ ተግተልትሎ ስለመጣ ነው፤ ደሴም፣ ጎንደርም፣ ጅማም በርካሽ የሚከራይ ቤት ሞልቷል፤ ኪራይ የመረረው ወደ መጣበት ይመለስ። ጽሑፉ ሲነበብ ይጥማል። ብዙዎቻችሁም ላውንጅ ቁጭ ብላችሁ «እውነቱን ነው» ስትሉ ሰምቻለሁ። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ ከተግተለተሉት አንዱ ነኝና ተራዬን ስጡኝ።

«ክፍለ ሀገር» ከምትለው ቃል ልነሳ። ክፍለ ሀገር የሚባለው አስተዳደር ከቀረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ብዙዎቻችን ሳንወለድ ነው የቀረው። ቃሏ ግን አለች። ከኬላው ወዲያ ያለው ሁሉ፣ ባሕር ዳር ይሁን ሐዋሳ ይሁን ድሬዳዋ፣ በአንድ ጆንያ ታስሮ «ክፍለ ሀገር» ይባላል። (ድሬዳዋ ባቡር ያየችው ከአዲስ አበባ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድማ ነው፤ ግን ለማን ይነገራል!) ደሴ ላይ እንግዳ ሰው ሲመጣ «የማን ልጅ ነህ?» ይባላል። እዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሰፈርህ የት ነው?» ነው። ሁለቱም ሰውን መመዘኛ ናቸው። የደሴውንም አላቆላምጠውም፤ አባቱ የማይታወቅ ሰው እዚያ ምን እንደሚደርስበት አውቃለሁ። ልዩነቱ፣ ለአዲስ አበባው ጥያቄ መልሱ በየወሩ ብር ይከፈልበታል።

አሁን ወደ ቤቴ ልምጣ። እህቴ አስተማሪ ናት። ደሴ ሳለች ሁለት ክፍል ከነማድቤቱ ተከራይታ ትኖር ነበር፤ ከደሞዟም ለዕቁብ ይተርፋት ነበር። ወደዚህ የመጣችው ቦሌ ማኪያቶ ልትጠጣ አይደለም። እናታችን ካንሰር ይዟት የጨረር ሕክምና ታዘዘላት። በዚህ አገር የጨረር ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ሌሎች የተጨመሩት ዘግይተው ነው። ክትትሉ ሲረዝም እህቴ ተዛውራ መጣች።

ደላላው መጀመሪያ ያሳየን ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ሰርቪስ ክፍል ነበረች። አከራይዋ እናቴን ከላይ እስከ ታች አየቻትና እህቴን ወደ ጎን ጠርታ፣ «የኔ እመቤት፣ በሽተኛ አላስገባም። አንድ ነገር ቢሆኑ ድንኳን የት ሊጣል ነው?» አለቻት። ክፉ ሴትዮ አልነበረችም። ቡና አፍልታ አጠጥታናለች። ግቢዋን ዙሪያውን በቆርቆሮ ከፋፍላ ስላከራየችው፣ እውነትም ድንኳን የሚጣልበት መሬት አልቀራትም።

በኋላ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተገኘ። (ዘመድ ሲጠይቀኝ «ቦሌ ነው የሚኖሩት» እላለሁ፤ «አራብሳ» የምትለውን እውጣታለሁ። እኔም ከበሽታው ነጻ አይደለሁም።) ሊፍት የለም። እናቴ ደረጃውን ሦስት ቦታ እያረፈች ነው የምትወጣው። ኪራዩ ከእህቴ ደሞዝ ከግማሽ በላይ ይወስዳል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320፣ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ ከሚታወጀው እንዳያልፍ ይላል። ደግ ሕግ ነው። ውላችን ላይ የተጻፈው ቁጥርና በእጅ የሚቆጠረው ብር ግን አይተዋወቁም።

«ታዲያ ትመለሳ!» ይለኛል ወዳጄ። እናቲቱንስ ማን ያሳክማት? እሺ፣ እናቴን እንተዋት። የመንግሥት ሠራተኛ የደሞዝ ስኬል ነገር አይገርማችሁም? ቆላ ለተመደበ ሠራተኛ የበረሃ አበል አለው። ሙቀቱ ታስቦ ይከፈለዋል፤ ይገባዋልም። የኪራይን ሙቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ግን እስካሁን አልተገዛም። እዚህም እዚያም ለአንዳንዱ ሠራተኛ የቤት አበል ተብሎ ጥቂት ጣል ይደረጋል፤ በዚያ ገንዘብ ቤት የሚያከራይ ካለ ወዳጄ ይጠቁመኝ።

ወዳጄ አንድ እውነት ጠቅሷል፣ አልክደውም። ኮንዶሚኒየም በክልል ከተሞችም ተጀምሮ ነበር፤ ፈላጊው አነስተኛ ሆኖ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በ2005ቱ ምዝገባ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተሰለፈ። ከዚህ ተነስቶ «ክፍለ ሀገር ቤት ሞልቶ ተርፏል፣ ሕዝቡ ነው የማይፈልገው» አለ። ኧረ ተው! ቤት ርካሽ የሚሆነው ለኪስ እንጂ ለካርታ አይደለም። በእኛ ከተማ ጉልት ቸርችራ የምታድር ሴት ለቅድሚያ ክፍያው ከየት ታመጣለች? ብታመጣስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጠላውን የት ትጥመቀው? በርበሬውን የት ታስጣው? ለእሷ ቤት ማለት መኝታ ብቻ አይደለም፤ ጓሮው መሥሪያ ቤቷ ነው። እቅዱ አዲስ አበባ ላይ ተነድፎ ወረደላት፤ «ለእኔ አይሆንም» ስትል ደግሞ ኋላ ቀር ተባለች። ማን ጠየቃት?

ደግሞ ይህን የምንባባለው የት ሆነን ነው? በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ የተሰለፉት የዚህ ግቢ ተማሪዎች ናቸው። ከአሥር ዓመት በኋላ የገጠሩ መሬት ታወጀ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ በ1967፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። የድሃው ቤት ኪራይ ተቀነሰ። ጣሪያ ሲያፈስ የሚያድስ መጥፋቱ፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ማነሱ ሌላ ታሪክ ነው፤ ዛሬ አልገባበትም። ወዳጄ የሚኖረው ግን በዚያ አዋጅ ከተወረሱት በአንዱ፣ በቀበሌ ቤት ነው። አያቱ ተከራይ ሆነው ገቡበት፣ አባቱ ተወለዱበት፣ እሱም ተወለደበት። ለአሥርት ዓመታት ሲከፈልበት በኖረው ኪራይ ዛሬ ላውንጅ ሁለት ሻይ አይገዛም። ቤቱን ተቀማ ማለቴ አይደለም! ስንቴ አድሬበታለሁ፤ እናቱ ሽሮ አብልተውኛል፤ ዝናብ ሲመጣ ባልዲ አብረን ደቅነናል። ግን ወንድሜ፣ «የሚችላት ይኑርባት» ስትል አንተ ራስህ ችለሃት ነው? ወይስ አዋጅ ቻለልህ?

በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ነባር ነዋሪው ዳር ዳር ወዳሉ መንደሮች ሄደ። አሁን የወዳጄም ሰፈር በየበሩ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ይነሳ አይነሳ ገና አልታወቀም። ሰሞኑን ሻይ ስንጠጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አራብሳ ቢሰጡን… እዚያ ሰው ይኖራል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። እህቴ እዚያ መሆኗን ረስቶታል። ቅዳሜ ከሰዓት ይዤው እሄዳለሁ፤ ሁለት አውቶቡስ ይያዛል። ብርቱካን ገዝቶ ይምጣ፤ እናቴ ሌላ ነገር አይበላላትም።