ሸራውን አንሡ!

አሮጌ ቮልስዋገኖች እሑድ ጧት ተከታትለው ከተማውን ሲዞሩ ማየትም ሆነ አብሮ መንዳት የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚሉ ባልንጀሮች በመካከላችን አሉ። ነዳጅ በተወደደበት ጊዜ፣ ተማሪው ታክሲ ሲጠብቅ ሰዓቱን በሚጨርስበት ከተማ፣ ለመታየት ብሎ ማጨስ ምን ይባላል? ሲሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፍርዱ ግን ጥፋተኛውን ለቆ ሌላውን ይዟል።

ቮልስ የመኳንንት መኪና አልነበረም። ስሙ በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው፤ በአገራችንም መምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው ቆጥቦ የገዛው ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ የዕቃ መጫኛው ከፊት ነው፤ በነፋስ ስለሚቀዘቅዝ የእንጦጦ አቀበት ላይ የሚፈላ ውሃ የለውም። ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራ በኋላ የመጨረሻው በ1995 ዓ.ም. ከሜክሲኮ ፋብሪካ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ ጎዳና ያቆየው፣ ስሙ በጋዜጣ ወጥቶ የማያውቅ መካኒክ ነው።

ደስታውን ለማያውቁት እንንገራቸው። ከመካከላችን የዘመድ ቮልስ ለምነው የነዱ አሉ። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ቸርችል ጎዳናን ሲወርዱ በሁለተኛ ማርሽ ይይዟታል፤ ፍሬኑን ቀደም ብለው ይረግጣሉ፤ መሪው ክንድ ይፈልጋል፤ ሞተሩ ከጀርባ ያጉረመርማል። የቀረነው ዳር ቆመን ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ይበልጥ ያተረፍነው እኛ ነን። አንድ ሽማግሌ «የእኔዋም እንዲህ ሰማያዊ ነበረች» ብለው ለማያውቁት ሊስትሮ ሲያወጉ፣ ልጁም በዋጋዋ ሲከራከራቸው ሰማን። ሽማግሌና ሊስትሮ በእኩልነት የሚከራከሩበት ሌላ መድረክ በዚህ ከተማ የት አለ?

ወቀሳችን ለባለመኪናዎቹ ነው። መስኮት ዘግተው እንደ አምቡላንስ የሚያልፉ፣ ጉዟቸውን ዘበኛ በቆመበት የሆቴል ግቢ ጨርሰው መንገደኛውን ከበር የሚያስመልሱ፣ ከዚያም እስከሚቀጥለው ሠርግ ድረስ ሸራ የሚያለብሱ ጥቂት አይደሉም። ሕዝብ ያልቀረበው ሰልፍ ከሆነ፣ ባልንጀሮቻችን እንዳሉት ጭሱ በእርግጥ ብክነት ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ንጹሕ አየር ስለምንሻ አንቃወምም። ይሁንና ዛሬ ከአጥር ሥር ዝገት የሚበላት ቮልስ ምትክ የላትም ማለት ነው። በዚያው ዓመት የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል። ቤት ተነሥቶ ሊሄድ አይችልም፤ መኪናዋ ግን ትችላለች፤ ታዲያ ማን አሠራት?

ስለዚህ እንጠይቃለን። ዝግ ብላችሁ ንዱ፤ መስኮቱን ክፈቱ። መካኒኩን ከፊተኛዋ መኪና አስቀምጡት። ጉዞውን ከሆቴል ግቢ አውጥታችሁ 5 ኪሎ፣ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ደጃፍ ላይ ጨርሱ፤ ከኋላ ኮፈኑን ከፍታችሁ ካርቡራተሩን ለጠየቀ ሁሉ አሳዩ። ሊስትሮውም ይግባ። ሸራ ያለበሱ መምህራን በግቢያችን እንደማይጠፉ እናውቃለን፤ በሚመጣው እሑድ ጧት በሩ ላይ እንጠብቃቸዋለን።