ሸክሙን ላውርድና አንሳኝ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ዞር ባለ ቁጥር አዲስ አበባ ከእግሩ ሥር እየሰፋች ትሄዳለች። የጀንበርን መጥለቅ ፎቶ ለማንሳት በከተማችን ከዚህ የሚሻል ቦታ አላውቅም። ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በወጨጫ ተራራ ወገን ትጠልቃለች፤ ከተማዋም ከፊቷ ተዘርግታ ትታያለች። ሰኔና ሐምሌ ላይ ግን ወደ ሰሜን ስለምትሳብ የእንጦጦ ሸንተረር ቀድሞ ይጋርዳታል፤ ዳመናውም አለ። ዝናቡ አየሩን አጥቦት ሲሄድ፣ ከመስቀል በኋላ፣ ቀለሙ ይጠራል። በጋው ሲገፋ ደግሞ አቧራና የማገዶ ጭስ ይደራረቡና ፀሐይዋ ጨረር አልባ ቀይ ክብ ሆና በዓይን የምትታይበት ምሽት ይመጣል።

ይህ ቀለም የሚመጣው ከመንገዱ ርዝመት ነው። ጀንበር አድማስ ላይ ስትደርስ ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ፣ አናት ላይ ሳለች ከሚያቋርጠው 40 ጊዜ ያህል የሚበልጥ አየር ያቋርጣል። ሰማያዊው በየመንገዱ ተበትኖ ይቀራል፤ ቀዩ ይደርሳል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ደግሞ ፀሐይ ወደ ጎን ሳትንሸራተት ቁልቁል ነው የምትወርደው። ከጠለቀች በኋላ ለፎቶ የሚሆነው ብርሃን ከ20 ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ በኅዳር 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታን ይዞ መጠበቅ ያስፈልጋል። በስልክ የሚያነሳ ሰው ሰማዩን በጣቱ ነካ አድርጎ ብርሃኑን ዝቅ ያድርግ፤ አለዚያ ስልኩ መሬቱን ለማሳየት ሲል ሰማዩን ያነጣዋል።

ያ ሰዓት ግን እናቶችና ልጃገረዶች የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱበት ሰዓትም ነው። ባሕር ዛፉ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የከተማዋን ምድጃ ሲቀልብ የኖረው በአብዛኛው በሴቶች ጀርባ ነው። እንደኔ ለፍቅሩ ብለው ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ይህን ያውቃሉ፤ ብዙዎቻችን መታጠፊያው ላይ ቆመን የምንጠብቀውም እነርሱን ነው። ቀይ ሰማይ፣ ከፊቱ ጎንበስ ያለች ጥቁር ጥላ፣ ከጀርባዋ ከቁመቷ የሚረዝም እስር። ፎቶው ያምራል፤ ብዙ ሰውም ይወደዋል። ፊቷ ስለማይታይ ፈቃዷን መጠየቅ የሚያስፈልግ አይመስለንም።

ያስፈልጋል። አንድ ቀን አንዲትን እናት አስቀድሜ ጠየቅኋቸው፤ "እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?" ብዬ። ወዲያው አልመለሱልኝም፤ ከእስሩ ሥር ቀና ማለት ስለማይችሉ መጀመሪያ ያዩት ጫማዬን ነበር። ከዚያ "ሸክሙን ላውርድና አንሳኝ፣ ልጄ" አሉኝ። ከድንጋይ ካቡ ላይ አስደግፈው ገመዱን ከደረታቸው ፈቱ። ገመዱ ያረፈበት የሹራባቸው ክፍል ተበልቶ ክሩ ወጥቷል። ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈትተው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና ፊታቸውን ወደ ፀሐይዋ አዞሩ። እኔም ጀርባዬን ለፀሐይዋ ሰጠሁ። ዝቅ ያለው ብርሃን የግንባራቸውን መስመርና የዓይናቸውን ቀለም ሳይቀር አወጣው።

ከዚያ እስሩን መልሶ ማሸከም መጣ። ለብቻ የሚነሳ አይደለም፤ አንዱ ከኋላ ደግፎ ሲያነሳ ሌላው ተንበርክኮ ገመዱን ያጠብቃል። ከሥሩ ገብቼ ስደግፈው ክርኔ ተንቀጠቀጠ። ይህን ሸክም ስንት ጊዜ ከሩቅ እንደ ጌጥ አየሁት!

የውጭ ሰው ካሜራ ለዓመታት ኢትዮጵያን በረኃብተኛ ፊት ብቻ ሲያሳይ ተቆጥተናል፤ ቁጣውም ተገቢ ነበር። ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል የጀመረችው አፍሪካውያን የገዛ ምስላቸውን ራሳቸው ያሳዩ በሚል እምነት ነው። እንግዲያው የሰፈራችንን እናት ስም የለሽ ጥላ አድርገን ስናሳይ ያንኑ ጥያቄ ለራሳችን ማቅረብ አለብን። ለሷ ያ ፎቶ ምን ያሳያል? የደከመችበትን ሰዓት ነው። ነጠላዋን አስተካክላ ብትቆም ኖሮ የምትመርጠው ሌላ ምስል ነበራት።

ጥላን ማንሳት ይቅር አልልም። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፍቶ ሰው በገፍ መውጣት ከጀመረ ወዲህ ዛፉም፣ ሸንተረሩም፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ ጥንዶችም ጥሩ ጥላ ይሆናሉ። እንጨት የተሸከመች ሴት ስትመጣ ግን ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ሰላም ማለት ይቀድማል። እምቢ ካለች መንገዱን መልቀቅ ነው፤ ሸክም የያዘ ሰው ቁልቁለት ላይ መቆም ይከብደዋል። እሺ ካለች ደግሞ ፎቶውን አሳትሞ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት ይዞ መመለስ። በስልክ ላይ ማሳየት አይበቃም። የማገዶ እንጨት የምትሸጥ ሴት ቤት ግድግዳ ላይ የልጆቿና የጋብቻዋ ፎቶ ተሰቅሎ ሊሆን ይችላል፤ የሷ ብቻ የሆነ ግን ላይኖር ይችላል።